ቸርኬው አምስት፣ ክዳኑ ሦስት፣ ቀጠሮው ዜሮ፦ ሶማሌ ተራ ያሉት የቮልስ ቸርኬ ቀቢ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ለቸርኬው (ጎማው የሚለብሰው ብረት) ቀለም ከአምስት አምስት። ለመሃል ክዳኖቹ ሦስት። ለቀጠሮ ዜሮ፤ ከዜሮ በታች መስጠት ቢቻል ወደዚያ እወርድ ነበር። ያም ሆኖ ነገ ሌላ ቮልስ ቢኖረኝ ቸርኬውን ተሸክሜ የምሄደው እዚያው ነው።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1966 የተሠራች ቮልስ ናት። ውሃ ሰማያዊ። ከአባቴ የወረስኳት ናት። ሰው ባያት ቁጥር «ጃንሆይን የወሰደቻቸው እሷ ናት እንዴ?» ይለኛል። አይደለችም። አባቴ በሕይወት ሳለ ይህን ጥያቄ ሲሰማ «መስከረም 2 ቀን 1967 የኔዋ ደብረ ዘይት ነበረች፣ ምስክር አለኝ» ይል ነበር፣ ፍርድ ቤት የቆመ ይመስል።

አካሏ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቀብቷል። ቸርኬዎቹ ግን ቀርተው ነበር። የላይኛው ብርማ ቀለም እየተቀረፈ ነው፣ ከሥሩ ዝገት ይታያል፣ ክዳኖቹ ክሮማቸው ደብዝዟል። ቮልስ ላይ ደግሞ ቸርኬ አይደበቅም። መኪናዋ ትንሽ ናት፣ ጎማው 15 ኢንች ነው፣ ቀጭንና ረጅም። ከጎን ስታይዋት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ሰፈራችን ያሉ ቀቢዎችን ጠየቅኩ። ሁሉም መልሳቸው አንድ ነው፦ «ጎማው ላይ ጋዜጣ እንለጥፍበትና ብርማ እንረጨዋለን፣ በግማሽ ቀን ያልቃል።» አንዱ ጭራሽ «እናት፣ ለቸርኬ ብለሽ እንዲህ ትጨነቂያለሽ?» አለኝ። አዎ፣ እጨነቃለሁ። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ አንድ ሳንቲም ሲጎድል ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ቸርኬ ቢያስጨንቀው አይገርምም።

በመጨረሻ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ወደ አዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ሰፈር፣ ወደ ሶማሌ ተራ መራኝ። ታፔላ የለም። በራዲያተር ጠጋኝና በአሮጌ ፓራፋንጎ ሻጭ መሃል የተጣበቀች የቆርቆሮ ቤት ናት። «የቮልስ ቸርኬ የሚቀቡት ሽማግሌ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ማንም ያሳያችኋል። ስለ ሥራቸው ልጽፍ እንደሆነ ስነግራቸው «ጻፊ ልጄ፣ ስሜን ግን ተዪው። አሁን ያለው ሥራም በዝቶብኛል» አሉኝ። ስለዚህ እዚህ ጋሼ ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ የነገሩኝ ነገር ዋጋ አልነበረም። «ጎማውን አስወልቀሽ ባዶ ቸርኬ አምጪ» ነው ያሉኝ። ጎማ ላይ እንዳለ አይቀቡም። ምክንያታቸውን በጣታቸው አሳዩኝ፦ ዝገት የሚጀምረው ጎማው ከቸርኬው ጋር በሚጣበቅበት ጠርዝ ውስጥ ነው። ውሃ ይገባል፣ አይወጣም። ከላይ የሚታየውን ቀብቶ ያንን መተው ዋጋ የለውም፣ ዝገቱ ከሥር እየበላ አዲሱን ቀለም ያነሳዋል። የኔ ቮልስ ደግሞ ካላማዳሪ የምትጠቀም ናት። የዝገት ቅርፊት ካላማዳሪውን እየፋቀ ቀስ እያለ ያስተነፍሰዋል። የኋላ ግራ ጎማዬ ለምን ሁልጊዜ እንደሚጎድል ያን ቀን ገባኝ።

እዚህ ላይ ለቮልስ ሰዎች አንድ ነገር። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈልቅቃችሁ አታውጡ። የመጀመሪያዎቹ ክዳኖች ጠርዛቸው ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣ ከሽቦ የተሠራ መንጠቆ ነበረ፤ ሁለቱን ጫፎች ቀዳዳዎቹ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ በመፍቻው ዘንግ ትስባላችሁ፣ ክዳኑ ምንም ሳይጎብጥ ይወጣል። መንጠቆው ከጠፋ ከጠንካራ ሽቦ መሥራት ቀላል ነው። በአዲስ አበባ ግን ብዙዎቻችን እነዚያን ቀዳዳዎች የምናውቃቸው በሌላ ምክንያት ነው፦ ሌባ እንዳይወስደው ክዳኑን በሽቦ የምናስርባቸው ናቸው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። አምስቱንም ቸርኬ (መለዋወጫውን ጨምሮ) ከልጃቸው ጋር ሆነው በግራይንደርና በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ አወረዱት። ክፉኛ የዛጉትን ሁለቱን አሸዋ በአየር ግፊት ወደሚረጩበት ቤት ላኳቸው። ከዚያ ያደረጉትን ነገር ግን ሌላ ቀቢ ሲያደርገው አይቼ አላውቅም።

ባዶውን ብረት ነጭ ጋዝ ቀቡት። ትንሽ ጠብቀው በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርገው ጠረጉት። ከዚያ ጠመኔ ፈጭተው በስሱ አቧራውን ነሰነሱበት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቸርኬ ነጭ ሆኖ ቀረ። አራተኛው ላይ ከአንዱ የብሎን ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ቀጭን ጥቁር መስመር በነጩ ዱቄት ላይ ብቅ አለ። ስንጥቅ ነው። ነጭ ጋዙ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተደብቆ ነበር፣ ጠመኔው መጥጦ አወጣው። በዓይን ብታዩት፣ እመኑኝ፣ ምንም የለም።

«ይቺን አልቀባትም» አሉኝ።

«ቢበየድስ ጋሼ?»

«እዚህ ቦታ ላይ ብየዳ አይታመንም። ቀለም ከቀባሁት ማንም አያየውም፣ አንቺም አታይውም። አዳማ መንገድ ላይ ነው የምታይው።»

ያቺን ቸርኬ ቀብተው ገንዘቡን ቢቀበሉኝ አላውቅም ነበር። አምስት ከአምስት የሰጠኋቸው ለቀለሙ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ምትክ ፍለጋ። ሶማሌ ተራ ውስጥ የቮልስ ቸርኬ አለ፣ ግን ተጠንቀቁ። አንዱ ሻጭ አቧራውን ጠርጎ «ኦሪጅናል ጀርመን» ብሎ ያቀበለኝ ቸርኬ ባለ አራት ብሎን ነበር። የኔ ባለ አምስት ናት። ቮልስዋገን ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ወደ አራት ብሎን ሲዞር የቀዳዳዎቹ ክብ 130 ሚሊሜትር ሆነ፤ የቀድሞው ባለ አምስቱ 205 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱ በምንም ተአምር አይገጥሙም። አምስት ቀዳዳ ሲሆን ክቡን በቀጥታ መለካት አይመችም፣ ምክንያቱም ከአንዱ ቀዳዳ ትይዩ ሌላ ቀዳዳ የለም። ስለዚህ ከአንዱ መሃል እስከ ጎረቤቱ መሃል ለኩ፤ 12 ሴንቲሜትር ከትንሽ ፈሪ ከመጣ ያው ነው። ሜትር ይዤ መሄዴን ያየው ሻጭ «እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ቸርኬ ነው ወይስ መሬት የምትገዢው?» አለኝ። ሳቅኩ፣ ለካሁ፣ ትክክለኛውን ከሌላ ሰው ገዛሁ።

ሌላም ልዩነት አለ። እስከ 1965 ሞዴል ያሉት ቸርኬዎች ድፍን ናቸው፣ ክዳናቸውም ጎበጥ ያለ ነው። ከ1966 ጀምሮ በቸርኬው ዙሪያ ፍሬኑን የሚያናፍሱ ረዣዥም ቀዳዳዎች መጡ፣ ክዳኑም ጠፍጣፋ ሆነ። መኪናችሁን እንደ ፋብሪካዋ ማድረግ ከፈለጋችሁ ይሄን አትቀላቅሉ። የማይገዳችሁ ከሆነ ግን ባለ አምስት ብሎን እስከሆነ ድረስ ይገጥማል፣ ትሄዳላችሁ።

አሁን ወደ ቀለሙ። እኔ ስሄድ ሐሳቤ ብርማ ማስቀባት ነበር፣ ስንገዛት ጀምሮ ብርማ ናትና። ጋሼ ግን አንዱን ቸርኬ ገና ሳይፋቅ አንስተው፣ ክዳኑ ሸፍኖት የኖረውን ቦታ በ1500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ቀስ እያሉ አሹት። እንደ ድሮ ጠጅ ቤት ግድግዳ ነው፣ ባለቤት በተለወጠ ቁጥር አንድ ቀለም። ብርማው አለቀ፣ ከሥሩ ቢጫ ወጣ። (ቢጫ! ከአባቴ በፊት የነበረው ሰውዬ ምን አስቦ ነው?) ከቢጫው ሥር ሌላ ብርማ። ከዚያ ሥር፣ ብረቱ አጠገብ፣ ጥቁር። ወደ ጠርዙ ሲሄዱ ደግሞ ሥሩ ነጣ ያለ፣ ወተት ትንሽ ቡና የነካው የሚመስል ነጭ።

ለካ የኔ ቮልስ ባለ ሁለት ቀለም ቸርኬ ነበራት። በ1960ዎቹ ብዙ ቮልሶች እንዲህ ነበሩ፤ ጠርዙ ነጣ ያለ፣ መሃሉ ጠቆር ያለ። ሙሉ ብርማው ቆይቶ የመጣ ነገር ነው። ጋሼ «ምርጫው ያንቺ ነው» አሉ፣ ግን ፊታቸው ምርጫ አልሰጠኝም። ሁለት ቀለም አልኩ።

ቀለሙን በኮምፒውተር ከሚያዋህዱ ቤቶች ልናዘው ወይ ስላቸው ሳቁ። «ኮምፒውተሩ የነገርሽውን ቁጥር ነው የሚያዋህድልሽ። ይሄ ስልሳ ዓመት የኖረ ነጭ ነው።» በዓይናቸው አዋሃዱት። ነጭ ላይ ጠብታ ቢጫ፣ ጠብታ ጥቁር፣ ደግሞ ትንሽ ቡናማ። በካርቶን ላይ እየረጩ ደጅ ፀሐይ ላይ አወጡት። ቤት ውስጥ አምፖል ሥር ቀለም አያመሳስሉም። ውጤቱን ከድሮው ጋር አስጠግቼ አየሁት፤ ልዩነት ካለ የኔ ዓይን አላገኘውም።

ስለ ቀለሙ ዓይነት ሁለት ምርጫ ሰጡኝ። አንደኛው ናይትሮ ነው። ርካሽ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፣ ሲያብረቀርቅ ያምራል። ችግሩ ቤንዚንና ቲነር ሲነካው ይለቃል። ላቫጆ ደግሞ እንደምታውቁት ከሥር ናፍጣ ሳይረጩ አይለቁም፤ ናይትሮ በዚያ ይደበዝዛል። ሁለተኛው ሃርድነር (ቀለሙን የሚያጠነክር ኬሚካል) የሚገባበት ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ነው። ይወደዳል፣ ግን ከደረቀ በኋላ ናፍጣም ቤንዚንም ንቅንቅ አያደርገውም። ሁለተኛውን መረጥኩ። ለቸርኬ ሌላውን ባትሞክሩት ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሥር የሚቀባው ላይም አንድ ነገር ተማርኩ። ብዙ ሰው ዝገት ሲያይ ቀዩን አንቲረስት፣ በር የሚቀባበትን፣ ይለቀልቃል። ጋሼ ያንን ከባለ ሁለት ክፍሉ ቀለም ሥር አያስገቡም። የላይኛው ቀለም ቲነር ኃይለኛ ስለሆነ የታችኛውን አንስቶ ያጨማድደዋል። እሳቸው የሚጠቀሙት ራሱም ሃርድነር ያለው ግራጫ ኤፖክሲ ነው። እሱ ሲደርቅ በ320 ብርጭቆ ወረቀት ለሰስ አድርገው ከዚያ ወደ ቀለም ይሄዳሉ። ስቱኮ ላድርግበት ወይ ያልኳቸው አንድ ቦታ ነበር፣ የጠርዝ ጉብጠት። «ቸርኬ ይተጣጠፋል፣ ስቱኮ አይተጣጠፍም» ብለው በመዶሻ አቀኑት።

ነጩና ጥቁሩ የሚገናኙበት መስመር የሥራው ልብ ነው። አሮጌ የፍሬን ታምቡር በብረት እግር ላይ አቁመዋል፣ ይሽከረከራል። ቸርኬውን እዚያ ላይ በብሎን ያስራሉ። መጀመሪያ ነጩን በሙሉ ረጩ። ሲደርቅ ቸርኬውን ቀስ እያሉ እያዞሩ ቀጭን ቴፕ አሰሩበት፣ የቀረውን በወረቀት ሸፈኑ፣ መሃሉን ጥቁር ረጩ። ቴፑን ያነሱት ጥቁሩ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ከተነሳ ጠርዙ ይሰባበራል። አሁን ቸርኬው ሲሽከረከር ቆሜ አየዋለሁ፣ መስመሩ አይወዛወዝም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ያልተቀባው ቦታ ነው። የቸርኬው ጀርባ፣ ከታምቡሩ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው ክፍል፣ ስስ ኤፖክሲ ብቻ ነው ያለው። የብሎን ቀዳዳዎቹ አፍ ደግሞ ምንም ቀለም የለባቸውም፤ በወረቀት ጥቅል ደፍነዋቸው ነበር። ምክንያቱን ያስረዱኝ ብሎን በእጃቸው ይዘው ነው። ቮልስ ጎማዋን የሚያስር ዳዶ የላትም፣ ብሎኑ ራሱ ታምቡሩ ውስጥ ይገባል። የብሎኑ አንገት እንደ ሌሎች መኪኖች ሹል ሳይሆን ክብ ነው፤ የቸርኬው ቀዳዳ አፍም ልክ ለሱ ተሠርቶ የተጎደጎደ ነው። እዚያ ላይ ወፍራም ቀለም ካለ ብሎኑ የሚጠብቀው ብረት ላይ ሳይሆን ቀለም ላይ ነው። መኪናው ሲሄድ ቀለሙ ይደቃል፣ ብሎኑ ይላላል። ከሌላ መኪና የተገኘ ባለ ሹል አንገት ብሎን ማስገባትም ያው አደጋ ነው።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንድ የማውቀው ሰው ቸርኬዎቹን የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚቀባበት ቤት ወስዶ የዱቄት ቀለም አስቀብቷል። ዱቄቱ ተረጭቶ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ባለው ምድጃ ይጋገራል። ጠንካራ ነው፣ አልዋሽም፣ ድንጋይ ሲመታው እንኳን አይላጥም። ግን ወፍራም ነው። የቸርኬው ቀጫጭን መስመሮች ተሞልተው ጠፉ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹም አብረው ተቀቡ። ከተገጠመ በኋላ ብሎኖቹ እየላሉ ደጋግሞ ማጥበቅ ነበረበት፣ በመጨረሻ አፎቹን አስፋቀው። ባለ ሁለት ቀለምም በዱቄት በቀላሉ አይሆንም። ለጭነት መኪና ወይም ለአዲስ ቸርኬ ጥሩ ነው። ለአሮጌ ቮልስ አይመቸኝም።

እንግዲህ ክዳኖቹ። እዚህ ላይ ነው ሁለት ነጥብ የቆረጥኩት።

የኔዎቹ የድሮዎቹ ናቸው፣ ወፍራም ብረት ላይ የተነከረ ክሮም። ዛሬ በአዲስ የሚሸጡት አብዛኞቹ ስሶች ናቸው፣ በእጅ ሲመዘኑ ይታወቃሉ። ስለዚህ መጣል አልፈለግኩም። አንዱ ጎድጉዶ ነበር፤ ጎረቤት ያለው ባትላሜራ ከውስጥ በእንጨት እየደቃ መለሰው፣ ያምራል። ላዩ ላይ የነበረውን ቀላል ዝገት እኔው ራሴ ቤት ነው ያወረድኩት፦ የምግብ መጠቅለያ አሉሚኒየም ፎይል ጨምድዳችሁ፣ ውሃ ነክራችሁ ታሹታላችሁ። አሉሚኒየሙ ከክሮሙ የለሰለሰ ስለሆነ አይጭረውም፣ ዝገቱን ግን ያነሳዋል። ጥልቅ ጉድጓድ የሠራውን ዝገት አይመልስም፣ እሱን የሚመልሰው ድጋሚ ክሮም መንከር ብቻ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ያሉኝ «ክዳኑንም ብርማ እንቀባው» ነበር። እምቢ አልኩ። ክሮም ላይ የተረጨ ቀለም በደንብ አይዝም፣ ክሮምም አይመስልም። ይህን ከኔ በላይ ያውቃሉ፤ ለክዳን ግድ ስለሌላቸው ነው። የተስማማነው መሃል ላይ የታተመውን የቮልስዋገን ምልክት ብቻ ጥቁር እንዲሞሉልኝ ነው። የዚህ አሠራር ቀላል ነው፦ ጎድጓዳው ውስጥ ጥቁር ቀለም ትሞላላችሁ፣ ትንሽ ሲጠጥር ለስላሳ ጨርቅ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ወጥራችሁ፣ በጣም ጥቂት ቲነር አስነክታችሁ ከላይ ትጠርጋላችሁ። ከላይ ያለው ይወጣል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ይቀራል።

ይህን ሥራ ለልጁ ሰጡት። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን እንጨት አልተጠቀመም፣ በጣቱ ጠረገ። ጣት ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ሁለቱ ክዳኖች ላይ ፊደሉ አንድ ጎኑ ሳስቷል። ከሁለት ሜትር ርቀት አይታይም። እኔ ግን ከሁለት ሜትር ርቀት የማይ ሰው አይደለሁም። ስነግራቸው «ሲሄድ ማን ያየዋል?» አሉኝ። ያ መልስ ከሳቸው ባይመጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ልጁ ሌላም የምለው አለ። ሃርድነር ያለበት ቀለም ሲረጭ የሚወጣው ጉም ለሳንባ ክፉ ነው፤ አስም ሊያስይዝ የሚችል ኬሚካል አለበት። ጋሼ አሮጌ ቢሆንም ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያደርጋሉ። ልጁ ፎጣ ነው የጠመጠመው። ተናገርኩ። «ይሞቀዋል፣ እሱ ነው እምቢ ያለው» ተባልኩ። ቀጥሎ ስሄድ ጭምብል አድርጎ አየሁት፣ ለኔ ሲሉ ይሁን አላውቅም። እናንተም ስትሄዱ ተናገሩ።

ቀጠሮውን ደግሞ ምን ልበላችሁ። ግማሹ መዘግየት ትክክል ነበር። ክረምት ላይ ነው የወሰድኩት። ዝናብ ካረገዘ ጋሼ መርጫቸውን አያነሱም፤ ቲነሩ በፍጥነት ሲተን የብረቱን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፣ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እዚያ ላይ ይጤዛል፣ ቀለሙም ወተት የተደፋበት መስሎ ይነጣል። ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ደረቅ ከሰዓት ማግኘት ቀላል አይደለም። ይሄን ተቀብያለሁ። ያልተቀበልኩት «ነገ ጠዋት ነይ» ተብዬ ስሄድ በሩ ተቆልፎ ስልካቸውም ተዘግቶ ማግኘቴን ነው። ለቅሶ ሄደው ነበር። በሌላ ቀን ሰርግ። በሌላ ቀን ምክንያትም አልነበረም። መኪናዋ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግቢ ውስጥ በድንጋይና በግንድ ላይ ተሰቅላ ቆማለች፣ ጎረቤቶቼም «ሸጥሽው እንዴ ጎማውን?» ይሉኛል። የምትሄዱ ከሆነ ሁሉንም በአንዴ አትውሰዱ። ሁለት ትርፍ ቸርኬ የሚያውሳችሁ ካለ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ አስቀቡ። ወይም እስከ ጥቅምት ጠብቁ።

ዋጋ። ለአንድ ቸርኬ በባለ ሁለት ክፍል ቀለም 2,800 ብር፣ በናይትሮ ቢሆን 1,200። ክዳን ለአንዱ 500። አምስት ቸርኬና አራት ክዳን 16,000 ነበር የሚመጣው፤ 15,000 ላይ ተስማማን። ምትክ የገዛኋት ቸርኬና የጎሚስታው ክፍያ ለብቻ ነው። ደረሰኝ የለም፣ አትጠይቁ። ርካሽ አይደለም። ግን የነዳጅ መኪና ማስገባት በቆመበት በዚህ ዘመን፣ የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ከወጣች ከፈረንጆቹ 2003 ወዲህ ደግሞ አዲስ የሚባል ነገር በሌለበት፣ ያለንን ከመጠበቅ ሌላ ምን አለን?

ቸርኬው ካለቀ በኋላ ሥራውን የሚያበላሸው ጎሚስታ ነው። እኔ የሄድኩበት (ስሙን አላነሳም) ልጅ አዲስ የተቀባ መሆኑን እየነገርኩት የብረት መፈልቀቂያውን ጠርዙ ላይ አስደግፎ ጎማውን ሲጨቁን ነጩ በአንድ ጣት ስፋት ተላጠ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹን በማሽን ወደሚሠራ ቤት ወሰድኳቸው፤ ጠርዙን የፕላስቲክ መከላከያ አደረጉበት፣ ጎማውን በሳሙና ውሃ በደንብ ቀብተው አስገቡት፣ አንድም ጭረት የለም። ቀለሙም ጊዜ ይፈልጋል። በማግስቱ በእጅ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፣ ግን እስኪጠነክር አንድ ሳምንት ያህል ስጡት። ባላንስ ስታስደርጉ ጠርዝ ላይ የሚቆነጥጠውን እርሳስ ሳይሆን ከውስጥ የሚለጠፈውን ጠይቁ።

ከተገጠመ በኋላ ብሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል አጥብቁ፤ መለኪያ ያለው መፍቻ ካገኛችሁ ልኩ 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ ድጋሚ ፈትሹ። የኔዎቹ አልላሉም። በክረምቱ ጭቃ፣ በላቫጆ ናፍጣ፣ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ጠርዝም አልፈዋል፤ የተላጠው ያው ጎሚስታው የላጠው ብቻ ነው።

እሱንም ጋሼ በትንሽ ብሩሽ ያለ ክፍያ ሞሉልኝ። የቻሉት ቀለም ስላስቀረሁ ነው። ስትሄዱ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተዋሃደው ቀለም ሃርድነር ሳይገባበት በፊት ቅዱ። ሃርድነር ከገባ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ብልቃጡ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ነጩን በተለይ፤ በዓይን የተዋሃደ ስለሆነ ሁለተኛ አይገኝም።